የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ የሆት ዶግ ጋሪ ለምትጀምሩ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በሙዚየሞቹና በሜትሮ መውጫዎቹ አካባቢ ሆት ዶግ ከሚሸጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሥራውን ለመጀመር ያሰቡም፣ ጀምረው የተቸገሩም አንባቢዎቻችን የላኳቸውን ጥያቄዎች በዚህ እትም መልሰናል። ሕጉ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ ፈቃድን የሚመለከት ነገር ሲነሳ ሁላችሁም የየራሳችሁን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሌላ ስቴት ያገለገለ ጋሪ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ሻጩ «ምንም የሚጎድለው ነገር የለም» ይላል። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩት። ሻጩ «አይጎድለውም» የሚለው በእሱ አገር ሕግ ነው፤ ጋሪውን የሚመረምረው ግን እርስዎ የሚሸጡበት ቦታ ጤና ቢሮ ነው። ዲሲ ውስጥ ከሆነ ምግቡንና ጋሪውን የዲሲ ጤና መምሪያ፣ የንግድ ፈቃዱን የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መምሪያ፣ ጋዙን ደግሞ የእሳት አደጋ መምሪያ ያየዋል። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ጉዳይዎ ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ነው። የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም። ስለዚህ የጋሪውን ፎቶ፣ ልኩንና የዕቃዎቹን ዝርዝር ይዘው አስቀድመው ለቢሮው ያሳዩ፤ «ይሆናል» ካሏችሁ በኋላ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

ጋሪውን ሲያዩ ዓይንዎ መቀቀያው ላይ አይቅር። ብዙ ጋሪ የሚወድቀው በውኃው ነው። ዕቃ ማጠቢያው ሦስት ገንዳ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለበረኪናው ውኃ። ከእነዚህ ሌላ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ የሚሆን አራተኛ ገንዳ ያስፈልጋል። ትልቁን ትሪዎን ይዘው ይሂዱና ገንዳው ውስጥ ያስገቡት፤ ሙሉ በሙሉ ካልገባ ገንዳው ትንሽ ነው። ከሥር ያሉትን ሁለት ታንኮች ደግሞ ይለኩ። የቆሻሻው ታንክ ከንጹሑ በ15 በመቶ መብለጥ አለበት፤ ንጹሑ 10 ጋሎን ከያዘ ቆሻሻው ቢያንስ 11.5 ጋሎን ይያዝ። የማጠቢያ ፍርፋሪና ቅባት ሲጨመርበት እኩል የሆነ ታንክ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል፤ በዚህ ደግሞ ጋሪ ይዘጋል። እዚያው ሻጩ ፊት ንጹሑን ታንክ ይሙሉ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ይክፈቱና ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ። ፓምፑ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ ሳይደክም መቆየት አለበት።

ምግብ የሚነካው ብረት ሁሉ የማይዝግ፣ ብየዳው የለሰለሰ ይሁን። የተሰነጠቀ ብየዳ ውስጥ የሚገባ ስብ በምንም አይወጣም። ዕቃዎቹ ላይ የኤን ኤስ ኤፍ (ዕቃው ለምግብ ሥራ መመርመሩን የሚያሳይ) ምልክት ይፈልጉ፤ ለቤት ጓሮ የተሠራ የጋዝ መጥበሻ ጋሪው ላይ የተገጠመ ከሆነ መርማሪው እንዲነቀል ማዘዙ የማይቀር ነው። በመኪና የሚጎተት ከሆነ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ዲፖ ነው። ጋሪው ማታ የሚያድርበት፣ የሚታጠብበት፣ ውኃ የሚሞላበትና ሽንኩርት የሚከተፍበት የተፈቀደ ቦታ ማለት ነው። በቤት ኩሽና የተሠራ ነገር ጋሪ ላይ አይወጣም። የዲፖ ውል ሳይኖር ጋሪ የገዛ ሰው ጋራዡ ውስጥ የሚቀመጥ ብረት ነው የገዛው። ቦታን በሚመለከትም አንድ ነገር ይወቁ፦ ናሽናል ሞል፣ ማለትም በሙዚየሞቹ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ የፌደራል መሬት ነው፤ በከተማው ፈቃድ እዚያ ሣር ላይ ገብቶ መሸጥ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። ቋሊማው ይተረተርብኛል፤ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ደግሞ ይገረጣል፣ ጣዕም የለውም። ዳቦው ሰው እጅ ላይ ይቦጨቃል። ቋሊማውን ልቀይር? (ከዲሲ)

መልስ፦ ቋሊማውን አይቀይሩ፤ የውኃውን ሙቀት ያስተካክሉ።

ቋሊማው ከፋብሪካ የሚመጣው በስሎ ነው። ጋሪ ላይ የሚደረገው ማሞቅ ብቻ ነው። ውኃው ሲንተከተክ፣ ማለትም 212 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ፣ በቋሊማው ውስጥ ያለው እርጥበት ያብጥና ቆዳው መለጠጥ ሲያቅተው ይተረተራል። በተተረተረበት በኩል ጨውም፣ ስብም፣ ቅመምም ወደ ውኃው ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ውኃው ቀልቶና ጣፍጦ፣ ቋሊማው ነጥቶ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ውኃዎን ከ165 እስከ 180 ዲግሪ መካከል ያቆዩት። በዓይን ሲታይ ከገንዳው ሥር ጥቃቅን አረፋ አለ፣ ከላይ እንፋሎት ይነሳል፣ የውኃው ገጽ ግን አይናጥም።

ሁለተኛው ስህተት ጠዋት ሁሉን በአንድ ጊዜ መጨመር ነው። ባለ ስምንቱን ቋሊማ፣ ማለትም ስምንቱ አንድ ፓውንድ የሚመዝነውን፣ እንውሰድ። በ170 ዲግሪ ባለ 2 ጋሎን ውኃ ውስጥ ከበረዶ ሳጥን የወጣ 40 ቋሊማ ቢጨምሩ ውኃው ወደ 145 ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሻጩ ደንግጦ እሳቱን እስከ መጨረሻ ይከፍታል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ማንም ሳያየው አልፎ ይንተከተካል። አስር አስር እያደረጉ ቢጨምሩ ግን የሚወርደው ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እሳቱን መንካት አያስፈልግም። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የቀዘቀዘ ድንጋይ የሆነ ቋሊማ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይፍታ።

ቋሊማ ውኃው ውስጥ ከገባ 1 ሰዓት ገደማ ካለፈው መልኩ መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ ገንዳዎን በሐሳብ ለሁለት ይክፈሉት፦ አዲስ የሚገባው ከኋላ፣ የሚወጣው ከፊት። መቆንጠጫዎ ሁልጊዜ ከፊት ያንሳ። ምሳ ሰዓት ከቀኑ 5፡30 ላይ ከሆነ የሚጀምርልዎ፣ እሳቱን 4፡30 ላይ ይለኩሱ፤ 10,000 ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ያለው ምድጃ 2 ጋሎን ቀዝቃዛ ውኃ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የመጀመሪያውን አስር 5፡15 ላይ፣ ቀጣዩን ወረፋውን እያዩ ይጨምሩ።

ለጤና ተቆጣጣሪው የሚታየው ቁጥር ሁለት ነው፦ ትኩሱ 135 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ቀዝቃዛው 41 ዲግሪና ከዚያ በታች። ቴርሞሜትሩን በሳምንት አንድ ጊዜ በተፈጨ በረዶና ውኃ ውስጥ ነክረው ይፈትኑት፤ 32 ካላሳየ ያስተካክሉት። ቋሊማውን ሲለኩ ከጎኑ አይውጉ፤ ከጫፉ ወደ ውስጥ በርዝመቱ ይስደዱት። የተወጋው ቋሊማ ስለሚፈስስ አንዱን ለመለኪያ ይመድቡት።

አሁን ወደ ዳቦው። የሚያረጥበው እንፋሎቱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥፋተኛ ውኃ እያንጠባጠበ የሚገባው ቋሊማ ነው። ከገንዳው ሲያነሱት ጠርዙ ላይ አጋድመው ሦስት እስኪቆጥሩ ያንጠፍጥፉት። ዳቦውን ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ብቻ በእንፋሎት ያሙቁ፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት አይበልጥ፣ ውኃውን ከማይነካ ወንፊት ላይ ይቀመጥ። ክዳኑ ላይ ያቆረው ጠል ተመልሶ ዳቦው ላይ ስለሚወርድ በከፈቱ ቁጥር ክዳኑን ወደ ጎን አጋድመው ያንሱ እንጂ ቀጥ አድርገው አያንሱ። ሰናፍጩም ካቻፑም ቋሊማው ላይ እንጂ ዳቦው ላይ አይፈስስ። የተረፈ ዳቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይደር፤ ፍሪጅ ውስጥ ዳቦ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ወይ ውጭ በፕላስቲኩ ታሽጎ ይደር፣ ወይ በረዶ ቤት ይግባ።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ጥሩ ነው፤ ሰው ያልፋል፣ ቆም ብሎም ያያል። ግን ትቶኝ ይሄዳል። ምን ይጎድለኛል? (ከዲሲ)

መልስ፦ ቆሞ አይቶ የሄደ ሰው ያየውን ነገር አልወደደውም፤ ወይም ማወቅ የፈለገውን አላገኘም። ነገ ጠዋት ጋሪዎን ካሰናዱ በኋላ ሃያ እርምጃ ርቀው እንደ መንገደኛ ተመልሰው ይምጡና ይመልከቱት።

መጀመሪያ ዋጋውን ይፈልጉ። ዋጋ ያልተጻፈበት ጋሪ ዘንድ እንግዳ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ በተለይ ቱሪስት «በእኔ ላይ ይጨምሩብኛል» ብሎ ያልፋል። ለማንበብ በሚመች ፊደል 1 ኢንች ቁመት ለ10 ጫማ ርቀት ያህል ያገለግላል፤ ከ30 ጫማ እንዲነበብ ከፈለጉ 3 ኢንች ይጻፉ። ከአምስት መስመር አይብለጥ። ጨርሶ የማይሸጡትን ነገር ከፎቶው ላይ ያንሱ።

ቀጥሎ ቀና ብለው ጃንጥላውን ይዩ። ሰማያዊ ጃንጥላ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያገረጣዋል፤ ትኩስ ቋሊማ የሰነበተ ይመስላል። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይና ቢጫ የተሻለ ነው።

ከዚያ ቀረብ ይበሉና የሰናፍጩን ጠርሙስ አፍ ይመልከቱ። ጫፉ ላይ የደረቀ ቡናማ ቅርፊት አለ? ጠርሙሱ ጎን ላይ የወረደ ቢጫ መስመር አለ? ደንበኛው መቀቀያዎን ማየት ስለማይችል ስለ መቀቀያዎ የሚፈርደው በዚያ ጠርሙስ ነው። አስር ሰው ባስተናገዱ ቁጥር አፉን በበረኪና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። የበረኪናው ልክ ለ1 ጋሎን ለብ ያለ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ነው። ሙቅ ውኃ ክሎሪኑን ስለሚያባርረው አይጠቀሙ። በክሎሪን መፈተኛ ወረቀት ከ50 እስከ 100 ፒፒኤም (የክሎሪኑ መጠን መለኪያ) ማሳየት አለበት፤ ውኃው ሲደፈርስ፣ ባይደፈርስም በየሁለት ሰዓቱ ይቀይሩት።

እጅዎም እንደዚያው ይታያል። ጓንት አድርጎ ገንዘብ ተቀብሎ በዚያው ጓንት ዳቦ የሚያነሳ ሰው ጓንት ባያደርግ ይሻላል፤ ደንበኛው ሁለቱንም አይቷል። ብቻዎን ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ትእዛዙን ይስሙ፣ ዳቦውን በፎይል ወረቀት ይያዙ፣ ቋሊማውን በመቆንጠጫ ያስገቡ፣ የሚጨመረውን ይጨምሩ፣ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡ፣ ገንዘቡን በመጨረሻ ይቀበሉ፣ እጅዎን ይታጠቡ። የካርድ ማንበቢያውን ወደ ደንበኛው ያዙሩት፤ ራሱ ይንካው። ይህን የለመደ እጅ አንዱን ሆት ዶግ በ40 ሴኮንድ ያወጣል።

ሽታም ማስታወቂያ ነው። የዳቦና የቋሊማ እንፋሎት ሩቅ አይሄድም፤ የሚጠበስ ሽንኩርት ግን ማዕዘኑን ዞሮ ሰው ይጠራል። ፈቃድዎ መጥበሻ የሚያካትት ከሆነ ከምሳ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀድመው ሽንኩርቱን ይጣዱ። እና እባክዎ ቆመው ይጠብቁ። ስልክ ላይ አጎንብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሻጭን መንገደኛው ማስቸገር አይፈልግም።

ጥያቄ፦ የተዋሕዶ ተከታይ ነኝ፤ አሳማ አልነካም። ዲሲ ውስጥ ግን ሁሉም «ሃፍ ስሞክ አለህ?» ይለኛል። ሙስሊም ደንበኞችም አሉኝ። እንዴት ላድርግ? (ከዲሲ)

መልስ፦ ሃፍ ስሞክ የዲሲ የራሷ ቋሊማ ነው፤ ከሆት ዶግ ወፈር፣ ሥጋው ሻከር፣ ቅመሙ ጠንከር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በዩ ስትሪት የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦል የተባለው ምግብ ቤት ስሙን አገር እንዲያውቀው አድርጎታል። የተለመደው አሠራር የአሳማና የበሬ ሥጋ ድብልቅ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ከበሬ የተሠራም ይገኛል። እርስዎ የበሬውን ብቻ ይያዙ፤ ሰሌዳዎ ላይም «የበሬ ሃፍ ስሞክ» ብለው በእንግሊዝኛ በግልጽ ይጻፉ። ብዙ ደንበኛ የሚመጣልዎ እንዲያውም በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ሲገዙ ግን የካርቶኑን ጎን ያንብቡ። ሥጋው የበሬ ሆኖ ቆዳው የአሳማ አንጀት የሆነ ቋሊማ አለ። ቆዳው ከምን እንደሆነ ካልተጻፈ አከፋፋዩን ይጠይቁ።

የበሬ ስለሆነ ብቻ ሐላል አይባልም። የሐላል ማረጋገጫ ምልክት ከሌለው ለጠየቀዎት ሰው «አይደለም» ብለው በቀጥታ ይንገሩት። ምልክት ያለውን ካመጡ ደግሞ የራሱ ገንዳ፣ የራሱ ውኃ፣ የራሱ መቆንጠጫ ይኑረው። መቆንጠጫው ላይ ባለቀለም ቴፕ መጠቅለል ስህተትን ይከላከላል። አንድ ውኃ ውስጥ አብሮ የዋለውን ቋሊማ «ይህኛው የተለየ ነው» ብሎ መሸጥ ሰውን በእምነቱ ማታለል ነው።

ለጾም ደንበኞች ከአትክልት የተሠራ ቋሊማ መያዝ ጥሩ ነው፤ እሱም ላይ ግን የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ፕሮቲን ሊኖር ይችላል። ዳቦውም ወተት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱንም አንብበው፣ በተለየ ውኃ አሙቀው ይሽጡ።

ጥያቄ፦ ብርድ ሲሆን ጋዙ ይደክማል። ሲሊንደሩ ሲነቀነቅ ግን ውስጡ አለ። ሬጉሌተሩ (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው) ተበላሽቶ ይሆን? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሲሊንደሩ በርዶት ነው። ጋዙ፣ ማለትም ፕሮፔኑ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው። አየሩ ከቀዘቀዘ፣ ፈሳሹም ካነሰ፣ ሙቀት የሚወስድበት ብረት ስለሚያንስ ግፊቱ ይወድቃል። ውጪው ላይ የበረዶ ቀለበት ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ባለ 20 ፓውንዱ ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 430,000 ቢቲዩ ይይዛል፤ አንድ 10,000 ቢቲዩ ምድጃ ሙሉ ተከፍቶ 43 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በክረምት ግን ግማሽ ሳይወርድ ይቀይሩት፤ ሁለት ይዘው ቢያፈራርቁ የተሻለ ነው። እሳት አያስጠጉት፣ በማሞቂያ ብርድ ልብስም አይጠቅልሉት።

በቀየሩ ቁጥር ማያያዣውን በሳሙና ውኃ ይቀቡና ቫልቩን ቀስ ብለው ይክፈቱ። አረፋ ካበጠ ይዝጉ፣ ያጥብቁ፣ ደግመው ይፈትኑ። ቫልቭ በፍጥነት ሲከፈት ማያያዣው ውስጥ ያለው መከላከያ ጋዝ የፈሰሰ መስሎት ፍሰቱን ስለሚያንቅ እሳቱ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ እሱንም ብዙ ሰው የሬጉሌተር ብልሽት ይመስለዋል። የጋዙ ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይጣል። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው አስረው ያጓጉዙ፤ መኪና ውስጥ ትተውት አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ልተምን? (ከዲሲ)

መልስ፦ ከአንዱ ሆት ዶግ ጀምረው ይቁጠሩ። ለምሳሌ ባለ ስምንቱ ቋሊማ ፓውንዱ 4.80 ዶላር ቢሆን አንዱ 60 ሳንቲም ነው። ዳቦው 35፣ ፎይሉ፣ ሶፍቱና ሰናፍጩ 20 ቢሆን፣ ሁሉም 1.15 ዶላር ይመጣል። በ4 ዶላር ቢሸጥ 2.85 ይቀራል። ከዚያ የዲፖውን ኪራይ፣ ጋዙን፣ በረዶውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የፈቃዱን የቀን ድርሻ ደምረው ለ2.85 ያካፍሉ። የቀን ወጪዎ 85 ዶላር ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 30 ሆት ዶጎች ለወጪው ናቸው፤ የእርስዎ ቀን የሚጀምረው ከ31ኛው ነው። የሽያጭ ግብሩን በየማታው ለይተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የተረፈ ቺሊ (ሆት ዶግ ላይ የሚጨመረውን ወጥ) በማግስቱ ጋሪው ላይ ባሞቀው ችግር አለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አለው። ቺሊ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎም ይሞቃል፤ ባክቴሪያ የሚራባው በዚያ መካከል ነው። የጋሪው ሙቅ ገንዳ የተሠራው ትኩስን ትኩስ አድርጎ ለማቆየት ነው፤ ቀዝቃዛ ለማሞቅ አቅም የለውም። ደንቡ ከ135 ወደ 70 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከ70 ወደ 41 በቀሩት 4 ሰዓት ይውረድ፣ ሲሞቅም በ2 ሰዓት ውስጥ 165 ይድረስ ይላል። ይህ የሚቻለው ዲፖው ውስጥ፣ ከ2 ኢንች በማይበልጥ ጥልቀት ትሪ ላይ ዘርግተው በበረዶ ቢያቀዘቅዙትና ጠዋት ምድጃ ላይ እያማሰሉ ቢያሞቁት ነው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ላይ የዋለውን ግን ይድፉት፤ በማግስቱ ግማሹን መጠን ብቻ ይሥሩ።